ያልተሰጠ ፈቃድና የተቆረጠ ሒሳብ፦ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች በማሳሳት ከተሸጠ የሞባይል አገልግሎት ውል መውጫው የሕግ መንገድ

አኅጽሮተ ጥናት

በኢትዮጵያ አብዛኛው የሞባይል ደንበኛ ሒሳቡን አስቀድሞ የሚሞላ ነው፤ በወር መጨረሻ የክፍያ ጥያቄ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። በዚህም ምክንያት አንድ አገልግሎት በማሳሳት ሲሸጥ ገንዘቡ የሚወሰደው ደንበኛው ከመጠየቁ፣ ብዙ ጊዜም ከማወቁ በፊት ነው። ይህ አጭር ጥናት ደንበኛው ከእንዲህ ዓይነቱ ግንኙነት የሚወጣበትን መንገድ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የሸማቾች ጥበቃ አዋጁንና የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጁን መሠረት አድርጎ ይመረምራል። ጥናቱ የሚከራከረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ምዝገባን ማቋረጥና ውልን ማፍረስ በውጤታቸው የተለያዩ ስለሆኑ ደንበኛው የሚጠይቀውን ለይቶ ሊያውቅ ይገባል። ሁለተኛ፣ ጉዳዩ ከተሞላው ሒሳብ አንጻር ከታየ ስለ ፈቃዱ መኖር የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው በደንበኛው ላይ ሳይሆን ሒሳቡን በቀነሰው ድርጅት ላይ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ቅድመ ክፍያ፣ ፈቃድ፣ የውል መፍረስ፣ ዕዳን ማቻቻል፣ የማስረዳት ሸክም፣ ጎንደር

1. መግቢያ

በማሳሳት ስለተሸጠ የሞባይል ውል የተጻፈው የውጭ አገር ጽሑፍ በአብዛኛው የሚያወራው የሁለት ዓመት ግዴታ ስላለበት፣ ከስልክ ቀፎ ጋር ስለተያያዘና በፊርማ ስለተረጋገጠ ሰነድ ነው። በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች የሚታየው ግን ሌላ ነው። ደንበኛው ሲም ካርድ ያወጣል፤ ካርድ ይሞላል ወይም በቴሌብር ሒሳብ ይገዛል፤ ከዚያም በአንድ የአጭር ቁጥር መልእክት አማካይነት የቀን ክፍያ ላለው የይዘት አገልግሎት ተመዝጋቢ ይሆናል። የይዘት አገልግሎት የሚባለው ለምሳሌ የጤና ምክር፣ የስፖርት ዜና፣ የሃይማኖት ጥቅስ ወይም የጥያቄና መልስ ውድድር በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚያቀርብ ነው። አቅራቢው ብዙውን ጊዜ ከኦፕሬተሩ የተለየ ሦስተኛ ወገን ሲሆን ክፍያው የሚሰበሰበው ከደንበኛው የአየር ሰዓት ሒሳብ ነው።

የገንዘቡ መጠን ትንሽ መሆኑ ጉዳዩን ቀላል አያደርገውም። በቀን 2 ብር የሚቆርጥ አገልግሎት በወር 60 ብር፣ በዓመት 730 ብር ይወስዳል። ደንበኛው በአንድ ጊዜ የሚሞላው 25 ወይም 50 ብር ከሆነ፣ የሞላው ሒሳብ ሳይደውልበት ያልቃል። በደጋማዎቹ ወረዳዎች ስልክ የገበያ ዋጋ መጠየቂያ፣ የታመመ ሰው ማድረሻና ከተማ ካለ ልጅ ጋር መገናኛ ነው። እዚያ ያለቀ ሒሳብ ያልተደረገ ጥሪ ማለት ነው።

የገበያው መልክም በቅርብ ዓመታት ተለውጧል። ኢትዮ ቴሌኮም በኅዳር 2003 ዓ.ም. ከቀድሞው ኮርፖሬሽን ተተክቶ ለዓመታት ብቸኛ አቅራቢ ሆኖ ቆይቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ገበያውን ለውድድር ከፍቶ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። ውድድሩ ደንበኛው አማራጭ እንዲያገኝ ረድቷል። በሌላ በኩል በየመንገዱ ሲም ካርድ የሚያስመዘግቡና ጥቅል የሚሸጡ ወኪሎችን አብዝቷል። በኮሚሽን የሚሠራ ሻጭ በበዛ ቁጥር ደግሞ የሻጩ ቃል በሕግ ፊት ያለው ቦታ አሳሳቢ ይሆናል።

2. የጥናቱ ዘዴና ወሰን

ጥናቱ የሕግ ድንጋጌዎችን በመተንተን ላይ የተመሠረተ ነው፤ የመስክ ቆጠራ አይደለም። ትንታኔውን ለማስረዳት አንድ የታሰበ ምሳሌ በሥራ ላይ ውሏል። አንዲት የጃናሞራ ወረዳ ነዋሪ ለገበያ ወደ ደባርቅ መጥታ ከመንገድ ዳር ሻጭ ሲም ካርድ ታወጣለች። ሻጩ መስመሩ መሥራቱን ሲያሳያት በስልኳ ላይ ለመጣ መልእክት «1» ብሎ ይመልሳል፤ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው «ነጻ ስጦታ ነው» ይላታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ 2 ብር ይቆረጣል። ከ60 ቀን በኋላ፣ 120 ብር ከሄደ በኋላ፣ አንድ ዘመድ መልእክቶቹን አንብቦ ይነግራታል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር ግን የተለየ ጉዳይ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ተደርጓል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለኢንተርኔት ጥቅል የከፈሉ ደንበኞች የገዙትን ሳይጠቀሙ ቀርተዋል። ይህ ጥያቄ የውል አለመፈጸምና በአንቀጽ 1792 የተመለከተው ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ጥያቄ ነው። እዚህ የሚመረመረው ውሉ ሲደረግ የነበረ ጉድለት ነው፤ ሁለቱን መቀላቀል ለአቤቱታ አቅራቢውም ለመርማሪውም አይበጅም።

3. ውሉ የት ነው?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1678 ውል እንዲጸና ችሎታ ያላቸው ወገኖች ጉድለት የሌለበት ፈቃድ መስጠታቸውን፣ ጉዳዩ በበቂ የተወሰነ፣ የሚቻልና ሕጋዊ መሆኑን ይጠይቃል። ፈቃድ በቃል፣ በጽሑፍ፣ በምልክት ወይም በአድራጎት ሊገለጽ እንደሚችል አንቀጽ 1681 ስለሚፈቅድ አንድ ቁልፍ መጫን በራሱ ፈቃድ ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ውጤት ሰጥቷል። ስለዚህ «ወረቀት አልፈረምኩም» የሚለው መከራከሪያ ብቻውን አያዋጣም።

ጥያቄው ቁልፉን የተጫነው ማን ነው፣ ሲጫንስ ምን ያውቅ ነበር የሚል ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር «ዝምታ እሺታ ነው» ይባላል፤ ሕጉ ግን በአንቀጽ 1682 በተቃራኒው ዝምታን እንደ መቀበል አይቆጥርም። «ካልፈለጉ ይህን ቃል ይላኩ፤ ካልላኩ ምዝገባዎ ይቀጥላል» የሚል መልእክት የዝምታን ትርጉም በአንድ ወገን ፈቃድ የሚለውጥ ስለሆነ ከዚህ ድንጋጌ ጋር ይጋጫል። እንደዚሁም አንቀጽ 1686 አንዱ ወገን ያዘጋጀው አጠቃላይ የንግድ ደንብ ሌላውን የሚያስገድደው ይህ ወገን አውቆ ሲቀበለው፣ ወይም ደንቡን የመንግሥት ባለሥልጣን የደነገገው ወይም ያጸደቀው ሲሆን ነው ይላል። ከመልእክቱ ጋር ያልመጣ፣ በድረ ገጽ ላይ ብቻ ያለ ደንብ ኢንተርኔት ለሌለው የእጅ ስልክ ባለቤት ታውቆ ተቀባይነት አግኝቷል ማለት አስቸጋሪ ነው።

የማንበብ ችሎታ ጉዳይም በሕጉ ውስጥ ተመልክቷል። አንቀጽ 1728 በጽሑፍ በሚደረግ ውል ላይ ማንበብ የማይችል ሰው የሚያኖረው ምልክት በሚገባው ባለሥልጣን ፊት ካልተረጋገጠ እንዳያስገድደው ያደርጋል። ድንጋጌው በቀጥታ ለአጭር መልእክት የተጻፈ አይደለም፤ ሆኖም ሕግ አውጪው ላላነበበው ነገር በምልክት ብቻ የሚታሰረውን ሰው ሊጠብቅ እንዳሰበ ያሳያል። የጃናሞራዋ ሴት ቁልፉን ራሷ ተጭናው ቢሆን ኖሮ እንኳ ይህ ሐሳብ ዳኛው ፈቃዷን ሲመዝን ቦታ ሊኖረው ይገባል።

4. ማቋረጥና ማፍረስ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነገረው መፍትሔ «ስቶፕ» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ጽፎ ወደ አጭር ቁጥሩ መላክ ነው። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ያለውን ቅነሳ ያስቆማል። ነገር ግን በሕግ ረገድ ማቋረጥ የሚሠራው ወደፊት ብቻ ነው። ያለፈው 120 ብር ባለበት ይቀራል፤ እንዲያውም «አቋርጡልኝ» የሚለው ጥያቄ ውል እንደነበረ ማመን ተደርጎ ሊተረጎም ይችላል።

ማፍረስ ግን ወደ ኋላ ይመለሳል። ፈቃዱ በስሕተት፣ በተንኮል ወይም በመገደድ የተበላሸበት ወገን በአንቀጽ 1696 እና ተከታዮቹ መሠረት ውሉ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል፤ በአንቀጽ 1815 መሠረትም ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ውሉ ባይደረግ ኖሮ ወደሚሆኑበት ሁኔታ ይመለሳሉ። ጥያቄው የፈቃዱ ጉድለት ምክንያት ከተወገደበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት አንቀጽ 1810 ይደነግጋል። በምሳሌያችን የተንኮሉ ምክንያት የተወገደው ዘመዷ መልእክቱን ባነበበላት ቀን ነው፤ ጊዜው የሚቆጠረው ሲም ካርዱ ከወጣበት ቀን አይደለም።

ሦስተኛም መንገድ አለ። ቁልፉን የተጫነው ሻጩ ከሆነና ደንበኛዋ ውክልና ካልሰጠችው የተበላሸ ፈቃድ ሳይሆን ፈጽሞ ፈቃድ የለም። በዚህ ጊዜ የሚፈርስ ውል ስለሌለ ጥያቄው በአንቀጽ 2164 መሠረት የማይገባ ክፍያን ማስመለስ ይሆናል። አቤቱታ ጸሐፊዎች ሁለቱን በአማራጭነት ቢያቀርቡ ይመረጣል፦ በመጀመሪያ ውል አልነበረም፤ ነበረ ቢባል እንኳ በተንኮል የተገኘ ስለሆነ ይፍረስ።

5. የሻጩ ቃል የማን ቃል ነው?

አንቀጽ 1704 ተንኮሉን የፈጸመው ሦስተኛ ወገን ሲሆን ውሉ የሚፈርሰው ሌላው ተዋዋይ ይህን ያወቀ ወይም ማወቅ የሚገባው ሆኖ የተጠቀመበት እንደሆነ ብቻ ነው ይላል። ድርጅቶች «ሻጩ የእኛ ሠራተኛ አይደለም» የሚሉት ከዚህ ድንጋጌ አንጻር ኃይል ያለው መከራከሪያ ነው። መልሱ ሁለት ደረጃ አለው። ሻጩ በድርጅቱ ስም ደንበኛ እንዲመዘግብ ሥልጣን የተሰጠው ከሆነ በውክልና ሕግ መሠረት የድርጅቱ እጅ ነው፤ በአንቀጽ 1704 ትርጉም ሦስተኛ ወገን አይባልም። ሥልጣኑ ሲም ካርድ ለማስመዝገብ ብቻ ቢሆን እንኳ ድርጅቱ ከአንድ የሽያጭ ቦታ ሲም ካርድ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ የይዘት ምዝገባ እየተከተለ መሆኑን ከራሱ መዝገብ ማየት ይችላል። ሊያይ የሚችለውን ያላየ «ማወቅ የሚገባው» ከሚለው ሐረግ አያመልጥም፤ የክፍያው ድርሻ ስለሚደርሰውም «ተጠቅሞበታል»።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 በአንቀጽ 14 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ በአንቀጽ 22 ደግሞ ነጋዴው አሳሳች አድራጎት እንዳይፈጽም ይከለክላል። «ነጻ ስጦታ ነው» የሚለው ቃል ዋጋን የሚመለከት ሐሰት ስለሆነ በዚህ ክልከላ ሥር ለማስገባት የተራቀቀ ትርጓሜ አይፈልግም። አዋጁን እንዲያስፈጽም ተቋቁሞ የነበረው ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. በወጣው የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ቁጥር 1263 ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር መዛወሩን አቤቱታ አቅራቢው ልብ ሊል ይገባል።

6. የማስረዳት ሸክም በማን ላይ ነው?

የጥናቱ ዋና ጥያቄ ይህ ነው። አንቀጽ 2001 ግዴታ እንዲፈጸምለት የሚጠይቅ የግዴታውን መኖር ያስረዳ፣ ግዴታው ፈራሽ ነው ወይም ቀርቷል የሚል ደግሞ ለዚህ ምክንያት የሆነውን ነገር ያስረዳ ይላል። በድህረ ክፍያ አገልግሎት ነገሩ ቀላል ነው። ድርጅቱ ያልተከፈለ ሒሳብ ይጠይቃል፤ ደንበኛው «አልተዋዋልኩም» ይላል፤ ድርጅቱ ውሉን ያቀርባል ወይም ይረታል። በቅድመ ክፍያ ግን ገንዘቡ አስቀድሞ ስለተወሰደ ከሳሽ የሚሆነው ደንበኛው ነው። በላይ ላዩ ሲታይ «ፈቃድ አልሰጠሁም» የሚለውን ያልተደረገ ነገር እንዲያስረዳ የሚገደድ ይመስላል። ያልተላከ መልእክት ምስክር የለውም፤ የምዝገባው መዝገብም በድርጅቱ እጅ ነው። ስለዚህ ያው ሐሰት፣ ያው ሻጭ፣ ያው አገልግሎት ሆኖ ሳለ ድሃው ቅድመ ከፋይ ከድህረ ከፋዩ በሕግ ፊት ያነሰ ይሆናል።

ይህ ውጤት ግን የሕጉ ውጤት አይደለም፤ ጥያቄው ከተሳሳተ ቦታ መጀመሩ ያመጣው ነው። ደንበኛው 100 ብር ሲሞላ ድርጅቱ የ100 ብር አገልግሎት ሊሰጥ ግዴታ ይገባል። ይህ ግዴታ መኖሩን ማስረዳት ቀላል ነው፤ የሒሳብ መሙያ መልእክት፣ የቴሌብር ወይም የኤም ፔሳ የግብይት ቁጥር ይበቃል። ደንበኛው ከዚህ በላይ ማስረዳት የለበትም። ድርጅቱ «ከ100 ብሩ 60ው ለይዘት አገልግሎት ተይዟል» ሲል በሕግ ቋንቋ የሚናገረው ግዴታዬ በከፊል ቀርቷል፣ ይኸውም በአንቀጽ 1831 እና ተከታዮቹ በተመለከተው ዕዳን በማቻቻል ነው ማለቱ ነው። ለማቻቻል ደግሞ ሁለት ዕዳዎች ሊኖሩ ግድ ነው። የደንበኛው ዕዳ መኖሩን፣ ማለትም የይዘት ውሉን መኖር፣ ማስረዳት ያለበት በአንቀጽ 2001 ሁለተኛ ክፍል መሠረት ግዴታዬ ቀርቷል ባዩ ነው።

በዚህ አተያይ ክርክሩ ወደሚገባው ቦታ ይመለሳል። ድርጅቱ ፈቃዱ መቼ፣ በየትኛው መልእክት፣ ከየትኛው ቁጥር፣ ዋጋው ከተነገረ በኋላ ወይስ በፊት እንደተሰጠ መዝገቡን ያቀርባል። ካቀረበና መዝገቡ ከደንበኛው ስልክ የወጣ ምላሽ መኖሩን ካሳየ፣ ተንኮል ነበር የማለትና የማስረዳት ተራው የደንበኛው ይሆናል፤ ይህም ተገቢ ነው። በገበያው መሐል የሻጩን ቃል የሰማ ሰው ሊኖር ይችላል፤ በድርጅቱ የመረጃ ቋት ውስጥ ያለውን የሚያይ ግን ማንም የለም።

7. የአቤቱታ ቅደም ተከተል

ከላይ የተነተነው በተግባር ሲተረጎም የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይሰጣል።

ሀ) ማስቆም፣ ግን ማስረጃን ሳያጠፉ። መልእክቶቹን ከመደምሰስ መቆጠብ፤ የመጀመሪያውን መልእክት ቀን፣ አጭር ቁጥሩንና ሒሳቡ ከቅነሳ በፊትና በኋላ ያሳየውን መጠን መዝግቦ መያዝ። ነገሩን አውቆ አገልግሎቱን መጠቀም መቀጠል ውሉን እንደ ማጽደቅ ሊቆጠር ስለሚችል ማስቆሙ ሊዘገይ አይገባም።

ለ) ሲም ካርዱ በማን ስም እንደተመዘገበ ማረጋገጥ። በዘመድ ወይም በሻጩ ስም የተመዘገበ መስመር ያለው ሰው አቤቱታው ገና ከበሩ ሊመለስበት ይችላል።

ሐ) ለድርጅቱ በጽሑፍ ማመልከት። ማመልከቻው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የፈቃዱ መዝገብ እንዲቀርብ፣ የቅነሳው ዝርዝር በቀን ተለይቶ እንዲሰጥ፣ የተቆረጠው እንዲመለስ። በስልክ ብቻ ከተነገረ የአቤቱታውን ቁጥርና ቀን መያዝ ያስፈልጋል። «ይቋረጥልኝ» ብቻ ብሎ ማለፍ በክፍል 4 የታየውን መብት ያሳጣል።

መ) ምላሽ ካልተገኘ ወይም ካላረካ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማቅረብ። ባለሥልጣኑ የቴሌኮም ሸማቾችን መብትና ጥበቃ የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል። የሻጩን አድራጎት በሚመለከት ደግሞ በከተማው ወይም በወረዳው ለሚገኝ የንግድ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይቻላል።

ሠ) በመጨረሻ ፍርድ ቤት። እዚህ ላይ ደጋማው ነዋሪ እንቅፋት ይገጥመዋል። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን የሆነ ጉዳይ በክልል የሚታየው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት በክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ተከሳሹ በፌዴራል ደረጃ የተመዘገበ ድርጅት ከሆነ የጃናሞራው ወይም የበየዳው ነዋሪ ለ120 ብር ከወረዳው ፍርድ ቤት አልፎ ወደ ዞን ከተማ መጓዝ ሊኖርበት ነው። የመጓጓዣው ወጪ ከክሱ ይበልጣል። በዚህ ምክንያት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 38 ትኩረት ይሻል፤ ድንጋጌው የጋራ ጥቅም ያላቸው ብዙ ሰዎች ሲኖሩ በፍርድ ቤት ፈቃድ አንዱ ስለ ሁሉም እንዲከስ ይፈቅዳል። በአንድ የገበያ ቀን ከአንድ ሻጭ ሲም ካርድ ያወጡ ሰዎች ለዚህ ተስማሚ ምሳሌ ናቸው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት የሚሰጡት ነጻ የሕግ ድጋፍም ከነጠላ አቤቱታ ይልቅ በዚህ ላይ ቢያተኩር ድካሙ ፍሬ ይኖረዋል።

8. ከሌሎች አገሮች ልምድ

ችግሩ የድሃ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ «ክራሚንግ» የሚባለው፣ ያልተጠየቀ የሦስተኛ ወገን ክፍያን በስልክ ሒሳብ ላይ መጫን፣ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ኤቲ ኤንድ ቲን 105 ሚሊዮን ዶላር፣ ቲ ሞባይልን ቢያንስ 90 ሚሊዮን ዶላር የሚያስከፍል ስምምነት አስከትሏል። የስምምነቶቹ ትምህርት ሁለት ነው፦ ገንዘቡን የሰበሰበው ኦፕሬተር «ይዘቱ የእኔ አይደለም» በማለት ነጻ አልወጣም፤ ወደፊትም ከማስከፈሉ በፊት የደንበኛውን ግልጽ ፈቃድ ማግኘት ግዴታው ሆነ። በናይጄሪያ ደግሞ ተቆጣጣሪው ኮሚሽን በ2016 (እ.ኤ.አ.) ደንበኛው ወደ 2442 አንድ ቃል በመላክ ያልጠየቃቸውን የንግድ መልእክቶች በአንድ ጊዜ የሚዘጋበትን ሥርዓት በሁሉም ኦፕሬተሮች ላይ ተግባራዊ አድርጓል። የመጀመሪያው መንገድ የተወሰደውን ያስመልሳል፤ ሁለተኛው ገና ሳይወሰድ ይከላከላል። ለኢትዮጵያ ሁለቱም ያስፈልጓታል።

9. መደምደሚያና የመፍትሔ ሐሳብ

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሞባይል ስልክ ከመታሰቡ በፊት የተጻፈ ቢሆንም በማሳሳት የተሸጠን አገልግሎት ለማፍረስ የሚያስፈልገውን መሣሪያ ይዟል። የጎደለው መሣሪያው ለ120 ብር የሚነሣበት ርካሽና ቅርብ መድረክ ነው፤ እንዲሁም የማስረዳት ሸክሙ በትክክለኛው ወገን ላይ እንዲያርፍ የሚያደርግ ግልጽ ድንጋጌ ነው።

ስለዚህ ጥናቱ የሚከተሉትን ያሳስባል። አንደኛ፣ የቀን ወይም የወር ክፍያ ያለው ምዝገባ ሁሉ ዋጋውን በግእዝ ፊደል በግልጽ ከሚናገር መልእክት በኋላ በሁለተኛ ማረጋገጫ ብቻ እንዲጸና ይደረግ፤ ለማያነቡ ደንበኞችም ማረጋገጫው በድምፅ ይሁን። ሁለተኛ፣ የባለሥልጣኑ መመሪያ የፈቃዱን መዝገብ የማቅረብ ግዴታ በኦፕሬተሩ ላይ በግልጽ ይጣል፤ መዝገቡ ካልቀረበ የተቆረጠው ሒሳብ ያለተጨማሪ ክርክር ይመለስ። ሦስተኛ፣ አዲስ ሲም ካርድ ከወጣ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት በይዘት አገልግሎት መመዝገብ የማይቻልበት ሥርዓት ይዘርጋ፤ ይህ የመንገድ ዳር ሻጩን ፈተና ከምንጩ ያደርቀዋል። አራተኛ፣ በወረዳ ደረጃ የሚቀርብ አቤቱታ ባለጉዳዩ ሳይጓዝ ለባለሥልጣኑ የሚተላለፍበት መንገድ ይዘጋጅ።

የደጋው ደንበኛ ሒሳቡን አስቀድሞ ይከፍላል። አስቀድሞ የከፈለ ሰው ለመክሰስ የሚዘገይ እንጂ መብቱ የሚያንስ ሊሆን አይገባም።